ዛሬ ጠዋት ከየት ተነሳሽ?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበርና እስከ ወገቤ የሚደርስ የወረቀት ክምር ተሰጠኝ። ወረቀቱ መጠይቅ ነበር። ርዕሱ «የተማሪዎች የኑሮ ሁኔታና ፍላጎት ዳሰሳ» ይላል። አርባ ሰባት ጥያቄ አለው።

«ወይዘሮ አልማዝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሞልቶ ይመለስልኝ» አሉኝ ዲኑ፣ ዶክተር ፋንታሁን። ቀጭንና ፈጣን ሰው ናቸው። ቆመው ይበላሉ፣ እየሄዱ ይፈርማሉ። መልሴን ሳይሰሙ ኮሪደሩን ጨርሰውት ነበር።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የክር ፋብሪካ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ እመዘግባለሁ። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ወጣሁና እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ካምፓስ፣ በተማሪዎች አገልግሎት ክፍል፣ በኮንትራት ተቀጠርኩ። መደቤ «መረጃ ሰብሳቢ» ይባላል። ኮንትራቱ በየዓመቱ በዲኑ ፊርማ ይታደሳል። ካምፓሱ ዶርም የለውም፤ ተማሪው ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መጠይቁን ለየክፍሉ ተጠሪዎች አከፋፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተሞልቶ ተመለሰ። እኔም ሥራው ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

በአንዱ ክፍል ሠላሳ ስምንቱም ተማሪ «ጾታ» በሚለው ላይ «ወንድ» ብሏል። ክፍሉን አውቀዋለሁ፤ ከግማሽ በላይ ሴት ነው። የሁሉም አባት ነጋዴ ናቸው። «የጤና ችግር አለብህ?» ለሚለው ሠላሳ ስምንቱም «ጨጓራ» ብለዋል። የተጻፈውም በአንድ እስክሪብቶ ነው። ተጠሪውን አስጠራሁት።

«ማዘር፣ ሰዉ ፈተና ላይ ነው፤ አግዣቸው ነው» አለኝ ሳያፍር።

«ሁሉም ጨጓራ አለባቸው?»

«እኔ አለብኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ። ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ ዶክተር ፋንታሁን ስሄድ ሳቄ ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱም እሳቸው ውጤቱን ለምን እንደፈለጉት ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ብዙ አዲስ ተማሪ ይመጣል፣ ክፍል ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጀምረውን ትምህርት ወደ አንድ ሰዓት ለማምጣት አስበዋል።

«ተማሪዎቹ እንደሆኑ የሰፈር ልጆች ናቸው» አሉኝ። የሬጅስትራሩን መዝገብ አዙረው አሳዩኝ። እውነትም ከላይ እስከ ታች አቃቂ ቃሊቲ፣ አቃቂ ቃሊቲ ይላል። «ለቅርብ ሰው አንድ ሰዓት ምኑ ነው?»

የሰዓት ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው በር ላይ ያለውን ነገር ያያል። የሰፈር ልጅ በእግሩ፣ በቡድን፣ እየተጫወተ ነው የሚመጣው። የእኛ ተማሪዎች ግን ከአውቶቡስ ወርደው እየሮጡ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው የሚገቡት። ይህንኑ ነገርኳቸውና አንድ ወር ጠየቅሁ። «አንድ ወር!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ግን ፈቀዱልኝ።

አርባ ሰባቱን ጥያቄ ወደ ዘጠኝ አወረድኩት። በክፍል ውስጥ መበተኑንም ተውኩ። ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ፣ ምሳ የሚበሉበት ደረጃ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ «የት ትኖሪያለሽ?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። ሁሉም እንደ ጸሎት ያነበንበዋል፤ አቃቂ ቃሊቲ፣ ወረዳ ይህን ያህል። አንድ ቀን «እሺ፣ ትናንት የት አደርሽ?» ብዬ አንዷን ብጠይቃት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ምን ለማለት ነው?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ለሴት ልጅ የሚቀርብ ጥያቄ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄ ለሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ከየት ተነሳሽ?» የሚለውን አገኘሁ።

አንድ ቀልደኛ «ከአልጋዬ» አለኝ። ሌሎቹ ግን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም። «ከዱከም» አለ አንዱ። «ከኮዬ ፈጬ» አሉ ብዙዎቹ። ከሰበታም የሚመጣ ነበር።

ሐዊን ያገኘኋት እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወዲያ፣ ከክፍለ ከተማው ውጭ ባለች የድሮ የገበሬ መንደር ይኖራሉ። አባቷ ጤፍ ይዘሩ ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ጥበቃ ናቸው።

«ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ» አለችኝ። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ስሜን ይጽፉታል እንዴ?»

«አልጽፍም።»

«መዝገቡ ላይ የአክስቴን ቤት ነው ያስገባሁት። ቃሊቲ ነው የምትኖረው። ካወቁብኝ ያባርሩኛል። ሌላው ሁሉ ትክክለኛውን ነው ያስገባው፤ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

በዚያው ሳምንት ይህንኑ ቃል ከስንት ሰው እንደሰማሁ! እያንዳንዱ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምናል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ፣ አንዱ ለሌላው አልተነፈሰም። እኔም ለሁሉም ስም እንደማልጽፍ ቃል ሰጠሁ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የተነሱበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና የመጡበትን መኪና ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ከሐዊ ጋር አብሬ ለመምጣት ወሰንኩ። እዚያው አካባቢ እህቴ ቤት አድሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አውቶቡስ መነሻው ላይ ተገናኘን። ሰልፉ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ወደ ሐዊ ስጠጋ ተራ አስከባሪው «እናት፣ ጭራው በዚያ ነው» ብሎ መለሰኝ። ሐዊ «እየጠበቅኋቸው ነው፣ አብረን ነን» ብላ ተከራከረችልኝ፤ ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ግን ከተራ አስከባሪው ጋር ወገነ። ሄጄ ጭራው ላይ ቆምኩ። ሐዊም ተራዋን ትታ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ሁለት አውቶቡስ አመለጠን። በሦስተኛው ቆመን ገባን። ሐዊ በክንዷ ብረቱን አቅፋ በሌላው እጇ ደብተሯን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። መኪናው ሲያዘነብል እሷም አብራ ታዘነብላለች፣ ዓይኗ ግን መስመሩን አይለቅም። ቃሊቲ ላይ ታክሲ ቀየርን። የካምፓሱ በር ላይ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር።

«ዛሬ ፈጥነናል» አለችኝ።

«ትምህርቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢጀምርስ?»

ቀስ ብላ አሰበች። «በዚያ ሰዓት የሚያደርሰኝ መኪና የለም። እኔማ አበቃልኛ!» አለች፤ ከዚያ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ከጉዞው ሌላ ምን እንደሚያስፈልጋቸውም እጠይቅ ነበር። የድሮው መጠይቅ ምርጫ ነበረው፤ ስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ መዝናኛ። ምርጫውን ሳነሳው ሌላ ነገር መጣ። ካፌው ከቤት የመጣ ምግብ አያስገባም ነበርና ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው የሚበሉበት ቦታ ፈለጉ። አንዱ «እንቅልፍ» አለ፤ በቁም ነገር ነው። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደግሞ ሕፃን ነበራት። እናቷ ልጁን አዝለው ከበሩ ውጭ ይጠብቃሉ፤ እሷ በየዕረፍቱ ወጥታ ታጠባለች። ምን ያስፈልግሻል ስላት ፀሐዩን እያየች «ጥላ» አለችኝ።

ወሩ አለቀ። ዶክተር ፋንታሁን የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹንና የሬጅስትራሩን ኃላፊ አቶ ደምሰውን ሰበሰቡ። ያገኘሁትን አነበብኩ። አብዛኛው ተማሪ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ትምህርቱ ወደ አንድ ሰዓት ከመጣ ብዙዎች እንደሚያቋርጡ ተናገርኩ።

ዶክተር ፋንታሁን መዝገቡን በጣታቸው መቱት። «ስለዚህ ተማሪዎቹ የሐሰት አድራሻ አስመዝግበዋል ማለት ነው። ይሄ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ስማቸውን ይስጡኝ።»

«ስም አልያዝኩም» አልኩ።

«ያነጋገሯቸውን አያውቋቸውም?»

«ፊታቸውን አውቃለሁ፣ የአንዳንዶቹንም ስም አውቃለሁ። ግን አልናገርም። እንደማልናገር ቃል ሰጥቼ ነው የነገሩኝ።»

«ኮንትራትዎ በማን ፊርማ እንደሚታደስ ያውቃሉ?»

«በእርስዎ» አልኩ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሌላ ሥራም አልነበረኝም።

በዚህ መሃል አቶ ደምሰው ተነሱ። እኚህ ሰው በመስኮታቸው በኩል «ቀጥሎ!» ሲሉ እንጂ ሌላ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ልጆቹ አልዋሹም» አሉ። «ኮምፒውተሩ ነው። አድራሻ ሲሞላ የሚያሳየው የዚህን ክፍለ ከተማ ወረዳዎች ብቻ ነው። ከዚያ አንዱን ካልመረጡ አያሳልፍም። ሰልፉ ሲረዝምብኝ ለእያንዳንዱ ለብቻው በመስኮቱ ‹ያለውን ምረጥ፣ የዘመድም ቢሆን› እያልኩ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ።»

ዶክተር ፋንታሁን አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸው። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በደብዳቤ አሳውቄ ነበር። እየሄዱ ፈረሙበት።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከኃላፊዎቹ አንዱ ሳል አስመስሎ ጀመረው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዶክተር ፋንታሁን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ የተናደዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም እየሳቁ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሩ ነገር ቀረ። አዲሶቹን ተማሪዎች ለማስተናገድ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ትምህርት ተጨመረ። መምህራኑ ለጥቂት ጊዜ አጉረመረሙብኝ፤ አንዱማ ለአንድ መንፈቅ ሰላም አላለኝም። የአድራሻው ዝርዝር ተስተካከለ፣ ተማሪውም ያለ ቅጣት አድራሻውን እንዲያርም ማስታወቂያ ወጣ። ሐዊ ማስታወቂያውን ካነበበች በኋላ ቢሮዬ መጥታ «እትዬ፣ ሁላችንም ነን እኮ! ሁላችንም!» እያለች በሳቅ ተንከተከተች።

ኮንትራቴን ዶክተር ፋንታሁን ቁጭ ብለው፣ ገጽ በገጽ አንብበው ፈረሙልኝ። «ስም ባለመስጠትዎ ያን ቀን ተናድጄብዎታለሁ» አሉኝ። «አሁን ግን ተማሪው እርስዎን ያምናል፤ እኔ ይህን በደብዳቤ ላመጣው አልችልም።»

አንድ ዕቃ ቤት ተጠርጎ የምሳ ክፍል ሆነ። በሩ አጠገብ መቀመጫ ያለው ጥላ ለማሠራት ግን ዓመት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ባለ ሕፃኗ ተማሪ አልነበረችም፤ ከመንፈቁ መጨረሻ በኋላ አልተመለሰችም። መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አልሠራም። ጥላው ሥር አሁን ሌሎች አያቶች ይቀመጣሉ።

በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሐዊ ተመርቃ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ናት። አቶ ደምሰው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ በየዓመቱ አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች አሠለጥናለሁ፤ መጀመሪያ የማዛቸውም እንዲህ ነው። መጠይቁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ሙሉት። እውነቱን ለመጻፍ ቦታ ካጣችሁ፣ ጉድለቱ የቅጹ ነው።