መኪና የሚለካው ከነተቀማጩ ነው

ፒያሳ ውስጥ ወርቅአፈራሁ የሚስቶች ሰላይ ነው ይባላል። ከውቤ በረሃ ጀርባ ወዳለው ግቢው ጎማ ላስተካክል ብሎ የገባ ባል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከጎንህ ማን ነው የሚቀመጠው?» ተብሎ ነው፤ መልሱም በማግስቱ ሚስት ጆሮ ይደርሳል። እዚያ ግቢ ውስጥ የፈረሰውን ትዳር የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ሲቆጥሩ የራሳቸውን ይዘላሉ እንጂ።

ውሸት ነው። መጠየቁ ግን እውነት ነው።

ወርቅአፈራሁ የጎማ አላይመንት ሠሪ ነው፤ የተንጋደደ ጎማ ቀጥ ያደርጋል። ወደ እሱ የሚመጡት ሌላው ቦታ የመለሳቸው መኪኖች ናቸው፤ ሞላቸው ተቆርጦ ሆዳቸው አስፋልት ሊልስ የደረሰ። እንዲህ ያለች መኪና የዘመኑ ማሽን መወጣጫ ላይ ልውጣ ስትል አፍንጫዋ ይጋጫል። ጎማዋም ግማሹ በፓራፋንጎ ተሸፍኖ ማሽኑ የሚይዘው ጠርዝ ያጣል። እሱ የሚለካው በሲባጎ ነው። ሁሉ ነገር ተዳፋት በሆነበት አራዳ፣ በውሃ ልክ እየለካ በገዛ እጁ ያፈሰሰው የሲሚንቶ ወለል አለው። መኪናዋን እዚያ ያቆምና በግራና በቀኝ ሲባጎ ወጥሮ፣ ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል።

ሞላዋ የተቆረጠ መኪና ደግሞ ሰው በገባባት ቁጥር ጎማዋ ይንጋደዳል። ባዶዋን ቀጥ ያለችው ባለቤቷ ሲቀመጥባት ትጣመማለች። ስለዚህ የሚቀመጠው ሰው በሙሉ መጥቶ ቦታውን ካልያዘ አይለካም። መምጣት ላልቻለ ሰው ከአትክልት ተራ የድንች ጆንያ ያስመጣና በቦታው ያስቀምጣል። አንዳንዱ ባል ይዟት የሚመጣት ሚስቱ ካልሆነች የወርቅአፈራሁ ጥፋት አይደለም። ግቢው በር የለውም፤ ፒያሳ ደግሞ ዓይን አያጣም። እሱ ራሱ መኪናም ሚስትም የለውም። ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከደንበኞቹ ሁሉ ሽማግሌው ጋሽ ዘበነ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ወረፋ የሚጠብቁት ጎረምሶች አሮጌ ዲኤክስ መኪናቸው መሬት እየዳሰሰች ስትገባ ባዩ ቁጥር «ጎረምሳው መጡ» እያሉ ይስቁ ነበር። ጋሽ ዘበነ ሞላውን ያስቆረጡት ግን ለጉራ አልነበረም። ባለቤታቸው ቆንጅት ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ቆንጅት እግሯን ሳታነሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ ትላለች። ወርቅአፈራሁ ሲባጎውን ሲወጥር ከፊት ወንበር ሆና የጎረምሶቹን ፀጉር አቆራረጥ እያነሳች ትቀልድ ነበር። እሱም «እትዬ ቆንጅት፣ አይሳቁ፣ መኪናዋ ትነቃነቃለች» ይላት ነበር።

ቆንጅት የዛሬ ዓመት ሞተች። ወርቅአፈራሁ ግቢውን ዘግቶ ቀብሯ ላይ ዋለ፣ ለቅሶም ተቀመጠ። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ጋሽ ዘበነ ብቻቸውን መጡ። መኪናዋ ወደ ግራ እየጎተተች አስቸግራቸዋለች። ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብሎ ጎማውን እያየ፣ አፉ እንደለመደው፣ «ከጎንዎ ማን ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ቀና ማለት አቃተው።

ጋሽ ዘበነ ከመሪው እጃቸውን አላነሱም። «እንደ ድሮው ነው ወርቄ። ከነእሷ ለካት» አሉ።

እንዲህ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ድንች ነጋዴዋ ነሲባ ዘንድ ሄዶ ጆንያ አስሞላ። ነሲባ ለማን እንደሆነ ስትሰማ ሳቋን ዋጠች። ቆንጅት ደንበኛዋ ነበረች። ጆንያውን ብድግ አድርጋ አየችና እንዲህ አትከብድም ነበር ብላ ጥቂት ድንች አወጣች፤ ከዚያ መልሳ ጨመረች። ወርቅአፈራሁ ጆንያውን ቆንጅት ቦታ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለትና ለካ። ሲጨርስ ሊያወርደው ወደ በሩ ዞረ፤ ጋሽ ዘበነ ግን ሞተሩን አስነስተው ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ሥራ አገኘች። ጋሽ ዘበነ ድንች አገቡ ተባለ። ኬክ ቤት በር ላይ ሲያቆሙ ሰው በመስኮት እያጮለቀ ለእመቤቲቱ ሰላምታ ያቀርብ ጀመር። ወርቅአፈራሁ አልሳቀም፤ ያንን ቀበቶ ያሰረው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል።

ክረምት ገባ፣ ድንቹ መበስበስ ጀመረ። ጋሽ ዘበነ የበሰበሰውን እየለቀሙ ይጥላሉ፣ ምትክ አይጨምሩም፣ ጆንያው በየሳምንቱ ይሟሽሻል። መኪናዋም እንደገና መጎተት ጀመረች። አንድ ዝናባማ ጠዋት ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወርዱ ተንሸራተው ከግንቡ ለጥቂት ተረፉ። ነሲባ በዓይኗ አይታ ነበርና ወርቅአፈራሁ ግቢ ድረስ መጣች።

«ወይ ሞላዋን መልስላቸው፣ ወይ ለአንድ ሰው ለካላቸው። አለዚያ ከቆንጅት ጋር የሚገናኙት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው» አለችው።

እሱም ቤታቸው ሄዶ ለመናቸው። ሞላ ስለ መመለስ ሲያነሳ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ግቢው መጥተው ለመለካቱ ግን እሺ አሉ።

በማግስቱ ዲኤክሷ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። ጋሽ ዘበነ መሪ ይዘው ወደፊት ያያሉ። ከጎናቸው ያለው ጆንያ ግማሹ ጎድሎ ቀበቶው ላልቷል፤ በቀዳዳው የድንች ቡቃያ ወጥቷል። ዝቅ ባለች ቪትስ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ጎረምሶች መጀመሪያ ተጎሻሸሙ፣ ኋላ ሙዚቃቸውን ዘጉ። ወርቅአፈራሁ በግራ በኩል ሲባጎውን ወጠረ፣ በቀኝም ወጠረ፣ ተንበረከከና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሳይለካ ተነሣ። በቀኝ በኩል ዞሮ በሩን ከፈተ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ጆንያውን እንደሰው በሁለት እጁ አቅፎ እዚያው ቆመ።

«ጋሽ ዘበነ፣» አለ፣ «ዛሬ ብቻዎን ነው የምለካዎት።»

ጋሽ ዘበነ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ባዶውን ወንበር ዳሰሱ፤ ከዚያ መሪውን መልሰው ያዙ።