«ምት እየቆጠረ ነው»

ሲስተር በለጡ ነርስነትን ያስተማሩን ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ቤታቸው ከሾላ ገበያ በላይ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ ስለነበር በእግራቸው መጥተው ከሁላችንም ቀድመው ዋርድ ይገባሉ። «ሳትጠይቁ ሰው አትንኩ» ይሉናል፤ «መጀመሪያ ስማችሁን ንገሩት።»

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በእርሳቸው ሥር አራት ተማሪዎች ነበርን። አልጋ ዘጠኝ ላይ አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር የመጡ እንጨት ፈላጭ ተኝተዋል። ልባቸው ደክሞ እግራቸው አብጧል። ደረታቸውን ለማዳመጥ ተራ ስንጠብቅ፣ «ኑ ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ነበር ለሰው የሚጠቅመው፤ አሁን ደግሞ ደረቴ ይጥቀም» ይሉን ነበር። ከሁላችን የሚወዱት ነገሳን ነው። እጁ አይቸኩልም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነገሳ የሽማግሌውን እጅ ይዞ የልብ ምታቸውን ሲቆጥር፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ገቡ።

«ነገሳ የሚባለው የትኛው ነው?»

ሁላችንም ወደ ሲስተር ዞርን።

«ምት እየቆጠረ ነው፤ አንድ ደቂቃ ጠብቁት» አሉ ሲስተር በለጡ።

ጠባቂዎቹ ቆሙ። ነገሳ ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ሲጨርስ፣ «መቶ ስምንት ነው ሲስተር፤ አልፎ አልፎ ይዘላል» አለ። መዝግቦ ፈረመ። የሽማግሌውን እጅ ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሶ፣ «እግዜር ይማርዎት አባባ» አለና አብሯቸው ወጣ።

ቤተሰቦቹ ሩቅ ስለነበሩ ወደታሰረበት ቀበሌ ስንቅ የሚያመላልሱለት ሲስተር ሆኑ። ሁለት ሳምንት ተቀበሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሳህኑን ከነምግቡ መልሰው፣ «ከእንግዲህ አያምጡ» አሏቸው።

አቶ ወልደሰንበት በየጠዋቱ፣ «ያ ልጅ የት ሄደ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሲስተርም «ገጠር ተመድቦ ነው፣ አባባ» ይላሉ። ሳህኑ የተመለሰ ዕለት ግን መጥተው አልጋው አጠገብ ቆሙ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አልጋቸው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። ሲስተር ተቀምጠው እኛው ፊት አለቀሱ። አቶ ወልደሰንበትም ጥር ላይ አረፉ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እኔም እዚያው ዋርድ ስሠራ፣ ሲስተር ስለዚያ ጠዋት አንዴ ብቻ አነሱልኝ።

«መልኩን አያውቁትም ነበር» አሉኝ። «ዛሬ አልመጣም ብል አምነውኝ ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ሥራው እንዳይቋረጥበት ብቻ ነው ያሰብኩት። ጠቁሜ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

ሆን ብለው እንዳላደረጉት ልነግራቸው ፈለግሁ። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ሲስተር ጋውናቸውን ቆልፈው ወደ እነርሱ ሄዱ።