ዘጠኝ ሚሊሜትር

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው አንድ የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋ የጨጓራ ባክቴሪያ ማሳደግ ነበር። ባክቴሪያው ብዙ አየር አይወድም። ስለዚህ የበግ ደም የተቀላቀለበት ምግብ በትንንሽ ክብ ሳህኖች ላይ ታረጋለች፣ ባክቴሪያውን ትዘራበታለች፣ ሳህኖቹን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ደርድራ ሻማ ለኩሳ ትከድነዋለች። ሻማው አየሩን በልቶ ሲጠፋ ባክቴሪያው ይመቸዋል። ከዚያ አራት ቀን መጠበቅ ነው። መሥሪያ ቤት «ሻማ» ነበር የሚሏት።

ከሞተች ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ትዕግሥቷን ያነሣሉ። እኔ የማስታውሰው አንድ ሳምንት ነው።

ያን ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ የቅጠላ ቅጠል ጥናት ጀምረው ነበር። አንዳንዱ ባክቴሪያ ኪኒን እየለመደ አልሞት ስላለ፣ ከዕፅዋት የሚረዳ ነገር ይገኝ እንደሆነ ለማየት ነው። ባለቤቴ ቅጠሉን በአልኮል ትዘፈዝፋለች፣ ታጠልላለች፣ በቢሮ ወረቀት መብሻ የበሳቻቸውን ትንንሽ የወረቀት ክቦች ትነክርበትና ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች። ቅጠሉ ከሠራ በክቡ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት ይታያል። እሱን በማስመሪያ ትለካለች።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ያ አጥር ሥር የሚበቅለው መራራ ቅጠል ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ገደለው» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚሉት ሆነ።

ታላቅ ወንድሜ አብሮን ይኖራል። ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው የፊት ክፍላችን ውስጥ ነው። በዚያው ወር ሐኪም ያንኑ ባክቴሪያ አግኝቶበት፣ ጨጓራው መቁሰሉን ነግሮት፣ ለአሥራ አራት ቀን የሚዋጥ አራት ዓይነት ኪኒን ሰጥቶት ነበር። ኪኒኑ አፉን ብረት ብረት አሰኘው፣ አቅለሸለሸው። ይውጣል ብለን ነበር።

እሑድ ከሰዓት ባለቤቴ ለሸሚዜ ቁልፍ ልትፈልግ የወንድሜን የቁልፍ ቆርቆሮ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ ነዋ።»

«ቁልፍ ይዋጣል?»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

የዘጠኝ ቀን ኪኒን ነበር። በምትኩ ቅጠሉን እየቀቀለ ይጠጣል።

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ሃያ ሁለት።»

«ሳህን ላይ ነው ያልኩት። ሆድህ ሳህን አይደለም።»

«ሻል ብሎኛል፣ ሙሽራዬ። ጨጓራዬን አትላጪው፤ የተላጠው ይበቃል።» ከተጋባን አሥራ ስምንት ዓመት አልፎን ነበር፤ እሱ ግን ከሙሽራዬ ሌላ አይጠራትም።

እሷ አልሳቀችም። ወደ ጓዳ ገብታ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ አጠበች። ተከትያት ገባሁ።

«ያን ቀን መብራት ሊጠፋ ነው ተብሎ ተቻኩዬ ነበር» አለችኝ። «ክቦቹ ሳይደርቁ ነው ያስቀመጥኳቸው። አልኮል ብቻ የተነከረ ክብ ደግሞ አላስቀመጥኩም።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ የገደለው ቅጠሉ ይሁን አልኮሉ አላውቅም። ሳላውቅ ነው ያወራሁት።»

ተመልሳ ለወንድሜ ይህንኑ ነገረችው። ስፌቱን ሳያቆም ሰማት።

«እንግዲያው ድገሚው። ሳህንሽ ቅጠሉ አይበቃም ካለ እውጣለሁ።»

«እስከዚያ ኪኒኑን ዋጥ።»

«እስከዚያ ቅጠሌ አለኝ።»

ለመነችው፤ እኔም ለመንኩት። ድንጋይ ነው። ሰኞ ጠዋት ለኃላፊዋ ስህተቷን ተናግራ፣ ሦስት ክብ በደንብ አድርቃ አስቀመጠች፤ አንዱ ቅጠሉ፣ አንዱ አልኮል ብቻ፣ አንዱ ከወንድሜ ኪኒኖች የአንዱ ብጥብጥ። ሻማውን ለኮሰች። ጠርሙሱ የሚከፈተው ዓርብ ነው። ቀድሞ ከተከፈተ አየር ይገባና ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ማክሰኞ ወንድሜ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ረቡዕ የመኪናው ድምፅ ቶሎ ቶሎ መቋረጥ ጀመረ። ባለቤቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ደም አንሶት እንደሆነ ጥፍሮቹን አየች።

«ሰገራህ ምን ይመስላል?»

«ኧረ፣ ዋርሳን እንዲህ ይጠይቃሉ?»

«ጋሼ።»

«ደህና ነው አልኩሽ።»

ዋሽቷል። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስመለስ ግንባሩን ጨርቁ ላይ ደፍቶ አገኘሁት። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ያየሁት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነው። ጎረቤታችን ሾፌሩ አንሥቶ ሆስፒታል አደረሰን። ሁለት ከረጢት ደም ሰጡት። ባለቤቴ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ከደም መስጫው ቱቦ ላይ ዐይኗን ሳትነቅል አመሸች። ስለ ጠርሙሱ አላነሣችም።

ዓርብ ጠዋት ሄዳ ከፈተችው። ስትመለስ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«ደሙ ቆሟል። ግን ኪኒኑን ዛሬ ካልጀመረ እንደገና ይደማል፣ ሁለተኛውን ላንደርስበት እንችላለን። እምቢ ብሎኛል፤ እርስዎን ነው የሚጠብቀው። ቅጠሉ ምንም አልሠራም ይበሉትና እንገላገል።»

«እንደሱ በይው» አልኳት እኔም።

እኔና ሐኪሙ እየተከተልናት ወደ ክፍሉ ገባች። ወንድሜ ከትራሱ ቀለም አይለይም ነበር።

«ሳህኑስ?»

«ከፈትኩት። አልኮል ብቻ የነበረው፣ ምንም። ኪኒንህ፣ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር።»

«ቅጠሉስ?»

እኔ ጫማዋን ነበር የማየው። «ምንም» ብላ አንዲት ቃል ብትጨምር ያልቅ ነበር።

«ቅጠሉ ዘጠኝ።»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። ወንድሜ ቀና ለማለት ሞከረ።

«ትንሽ ነገር አለችበት ማለት ነው።»

«አለችበት። ወረቀቱ ራሱ ስድስት ነው፤ የቅጠሉ ሦስት ነው።» ከቦርሳዋ ማስመሪያዋን አውጥታ ሰጠችው። ሦስቱን ሚሊሜትር በአውራ ጣቱ ጥፍር ለይቶ ብዙ አየው።

«ይቺ እኮ የስፌት ስህተት ናት።»

«ስህተት እንኳ አይደለም። ገና ይጠናል፤ አንድ ቀን ለሰው ይሆን ይሆናል። ያንተ ቁስል ግን ያን ቀን አይጠብቅም።»

ማስመሪያውን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ዐይኑን ጨፈነ። በሦስቷ ሚሊሜትር የሚሟገት መሰለኝ። በልቤ ባለቤቴን ወቀስኳት፤ ይህን አልደብቅም።

«ምንም የለም ብትይኝ አልውጥም ነበር» አለ። «እኔ ጠጥቼው ሻል ብሎኝ ነበራ። ውሸታም ትሆኚብኝ ነበር።» እጁን ዘረጋ። «በይ አምጪ ያንን ብረት።»

አሥራ አራቱን ቀን ከሀ ጀምሮ ዋጠ። እየተሳደበ ነው፣ ግን ዋጠ። ከሁለት ወር በኋላ ሲመረመር ባክቴሪያው አልተገኘበትም። የኃላፊዋም ጽሑፍ ሃያ ሁለት የሚለው ተሰርዞ፣ በዘጠኝ ተተክቶ ወጣ።

ወንድሜ ዛሬም የፊት ክፍል ውስጥ ይሰፋል። ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጨርቅ በሜትሩ ይለካል፤ ጠባብ እጥፋት ሲመጣ ግን ከመሳቢያው የእሷን ማስመሪያ ያወጣል። ያን ቀን ደረቱ ላይ ካስቀመጠው ወዲህ አልመለሰላትም፤ እሷም ሌላ ገዛች እንጂ አልጠየቀችውም።