የተመለሰች ጉርድ ፎቶ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየሁት ቤት ወደ ታክሲ መያዣው ስወርድ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። ሰሞኑን የፈተና ውጤት መጣና በሩ ላይ ትልቅ ባነር ሰቀሉ። «መቶ በመቶ አሳለፍን» ይላል። ከጽሑፉ ሥር የልጆቹ ጉርድ ፎቶ በረድፍ በረድፍ ታትሟል። ሁሉም ይስቃሉ። ቆሜ ሳያቸው ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣና፣

«አባቴ፣ የእርስዎ ልጅ አለበት እንዴ?» አለኝ።

እጄ ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ።

በደርግ ጊዜ እኔና ወንድሜ አዱኛ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስንማር አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሱ ታላቄ ነው። አባታችን ለእርሻው ስለፈለገው ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ፣ ከእኔ ጋር ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በጀርባው ያሻግረኝ ነበር። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ከወንበሩ የሚተርፈኝ ጠርዙ ብቻ ነው። «አያ፣ ልወድቅ ነው» ስለው፣ «ውደቅ፤ መሬት ላይም ይጻፋል» ይለኛል።

በስምንተኛ ክፍል የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና ሚኒስትሪ እንለው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ አውራጃው ትምህርት ቤቶቹን በተራ ያስቀምጣል፤ ብዙ ያሳለፈ ይመሰገናል፣ ብዙ የጣለ ዳይሬክተር ወደ ቆላ ይዛወራል። ከእኛ ዳይሬክተር በፊት የነበረው እንዲያ ሄዶ ወባ ገደለው። የእኛው ይህን ያውቃል። ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ወይም... እደፍራለሁ። አላውቅም።

ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ አምጡ ስለተባልን ከገና በኋላ በአውቶቡስ ጎንደር ወረድን። ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ የመጣው ገጠሬ ሁሉ ያንኑ እየለበሰ ይነሣል። አዱኛ ሲለብሰው እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ።

«አንተ ረጅሙ!» አለ ፎቶ አንሺው። «ልትታሰር ነው እንዴ? ፈገግ በል እንጂ!»

«ለመንግሥት የሚላክ ነው። ለመንግሥት ይሳቃል?»

ሰውየው ወደ በሩ ገልመጥ አለ። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። አዱኛ ያንን ሰምቶ ከንፈሩ ትንሽ ከፈት ሲል ተነሣ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ኮሶዬ ቆመ። ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትኩስ የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ገዛን። እሱ በአንድ እጁ ድንቹን ይዞ በሌላው ፎቶውን ያያል።

«ሸጋ ነኝ፣ አይደል?»

«ሸጋውስ ኮቱ ነው» አልኩት። በርበሬ የነካ ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ጠረገብኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ ትምህርት ቤቱ የራሱን ፈተና ሰጠን፤ መለያ አሉት። ማንን እንደሚለይ አልነገሩንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ ደካሞቹን ወደ ቢሮው ጠራቸው። አዱኛ እንግሊዝኛ አይሆንለትም ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ዘንድሮ ለፈተና አትቀመጥም» አለው። «ከርሞ እናያለን። እንካ ፎቶህን።»

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ብወድቅ እኔ ነኝ የምወድቀው።»

«አይደለም ልጄ። አንተ ስትወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ፎቶዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ዘረጋለት። አዱኛ ተቀብሎ ወጣና ለእናታችን ሰጣት፤ እሷም በመሐረብ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኖረቻት።

አዱኛ ወደ እርሻው ተመለሰ። ያን ሰሞን ገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ እያፈሰ ነበር፤ ኮታ ተጥሎበታል። ተማሪ አይነካም። ሊቀመንበሩ ቤታችን መጣና፣ «ተማሪ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት አምጡ፤ ካልሆነ የሐሙስ ገበያ ቀን ይሄዳል» ብሎን ወጣ።

አባቴ ጋቢውን ደርቦ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

«ተማሪ ነው ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ አልለምንም።»

«አባት፣ ተማሪ ነው ብዬ ብጽፍ አውራጃው ለምን አልተፈተነም ይለኛል። ደካማ ስለሆነ ደበቅሁት ልበል?»

«እንደ ወደዱ ይበሉ። ባለፈው ወር እዚህ ወንበር ላይ ነበር እኮ!»

«ነበር» አለ ዳይሬክተሩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ወደ መሳቢያው ሲከት አየሁት። አባቴ እጅ ነሥቶ ወጣ። እጅ መንሣቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐሙስ ገበያው መሀል የጭነት መኪና ቆመ። ልጆቹን እንደ እህል ጫኗቸው። እናቴ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሮጠች፤ አንዱ ታጣቂ በክርኑ ሲገፋት ቆሎው አቧራ ላይ ተበተነ። ተንበርክካ ስትለቅም መኪናው ተነሣ። አዱኛ ከላይ ሆኖ ጮኸ፤

«አንተ ልጅ! ወንበሩ ሰፋልህ!»

እየሳቀ ነበር። ለእናቴ ብሎ ይሁን አላውቅም።

በሰኔ ሚኒስትሪ ተፈተንን። እንዳንኮራረጅ በየወንበሩ አንድ አንድ ሰው አስቀመጡን። እውነትም ሰፍቶኝ ነበር።

ክረምት ላይ ውጤቱ መጣ፤ የተቀመጥነው ሁሉ አለፍን። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ከአውራጃው የመጡ ጓዶች ንግግር አደረጉ። ዳይሬክተሩ እጄን ይዞ ከፍ አደረገና፣ «መቶ በመቶ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ?

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር የጎረቤታችን ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። አዱኛ ሲሞት በዓይኑ አይቷል። እንዴት እንደ ሞተ ለአባቴ ነግሮታል፤ አባቴ ግን ለማንም አልተናገረም።

አስከሬን የለም። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ነገር ጠፋ። በአገራችን ደንብ ሙሾ ሲወርድ የሟቹ ልብስ፣ መሣሪያው፣ ፎቶውም ከፍ ተደርጎ ለሕዝቡ ይታያል። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ያቺን ጉርድ ፎቶ አወጣች። ሌላ ፎቶ አልነበረውም። ከፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ግን አውራ ጣት የምታክል ናት፣ ማን ያያታል? ከኋላ ያሉ ሴቶች «አልታየንም፣ አልታየንም» እያሉ አለቀሱ። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ እንድትዞር ተደረገ።

ዳይሬክተሩ መምህራኑን አስከትሎ ለቅሶ መጥቶ ነበር። ፎቶዋ ዞራ ዞራ እሱ ዘንድ ደረሰች። ጎንበስ ብሎ አያት። ቶሎ ለሚቀጥለው ሰው አላሳለፋትም። ኋላ ተነሥቶ መጣና በሁለት እጁ ለአባቴ ዘረጋለት። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

አባቴ አልተቀበለውም። ቀና ብሎ አየው።

«ምነው ጓድ፣ ዛሬም መለሱት?»

የሰውየው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። አባቴ እጁን ከጋቢው አላወጣም። መጨረሻ ላይ እኔ ሄጄ ተቀበልኩት፤ ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር። ዳይሬክተሩ ቆላ አልወረደም። በዓመቱ አድጎ አውራጃ ትምህርት ቢሮ ገባ።

ፎቶዋ ከዚያ ወዲህ በደረት ኪሴ ከእኔ ጋር ናት። ጫፏ ቢበላም ከንፈሩ አሁንም ትንሽ ከፈት እንዳለ ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ እሱ ግን በሰው ኮት ውስጥ እንደ ጎረመሰ ቀረ። «መቶ በመቶ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያለፉትን ማሰብ አልችልም፤ በር ላይ የቀረው ማን ነው እላለሁ።

«አባቴ፣ ልጅዎ አለበት ወይ?» ዘበኛው ደገመልኝ።

«የለም። ወንድም ነበረኝ። እሱም የለበትም።»

«ወድቆ ነው?»

«አላስቀመጡትም።»

ዘበኛው ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «የእኔም ልጅ እዚህ ነበረች። የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች በነፃ ነበር የምትማረው። ዘንድሮ የፈተና ምዝገባው ሲደርስ ደካማ ናት፣ ሌላ ቦታ ፈልግላት አሉኝ።» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ፎቶዋን መልሰውልናል። እናቷ መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ሰክታዋለች።»

ፎቶዋን በደንብ ያዟት፣ እንዳትጠፋ ልለው አፌን ከፈትኩ። ማሟረት መሰለኝና ዋጥኩት።