የቡሬው ካሜራ

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የምመራው እኔ ነበርኩ። ጋዜጠኝነት እናስተምራለን እንላለን እንጂ የነበረን አንድ የሚያፏጭ ማይክራፎንና ካሴት የሚበላ ቴፕ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ቃለ መጠይቅ የሚለማመዱት የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨብጠው ነበር። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ የቪዲዮ ካሜራ ዋጋ ጠየቅሁና አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

በኋላ ቡሬ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጹ አንድ ሰው ካሜራቸውን በርካሽ ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁ። ቅዳሜ ማለዳ ተሳፈርኩ። ሰውየው ሃምሳውን ያለፉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ናቸው። ለተማሪዎች እንደምፈልገው ስነግራቸው ካሜራውን ከተጠቀለለበት ነጠላ ፈትተው አሳዩኝ። ዋጋው ባሕር ዳር ከተጠየቅሁት ሲሶውን አይሞላም።

"ጋሼ፣ ምን ቢጎድለው ነው?" አልኳቸው።

"እሱ ምንም አልጎደለው። የጎደለው እኔ ነኝ።"

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ገጠር ሠርግ ሲቀርጹ፣ በእርሻ ድንበር ቂም የያዘ ሰው ዳሱ ውስጥ ገብቶ የሙሽራውን አጎት በክላሽ ገደለው። ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ካሴቱን ወስደው ለፖሊስ ሰጡ።

"ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ሳስጠጋ ያ ሰው ሲወድቅ ነው የሚታየኝ" አሉኝ። "ለልጆች ከሆነ ግን ውሰደው።"

ከፈልኩ። መነሃሪያ ድረስ ልሸኝህ ብለው አብረውኝ ወጡ። የመነሃሪያው በር ላይ ሁለት ጎልማሶች መንገዱን ዘጉብን። የገዳዩ ወንድሞች ነበሩ።

"ካሴቱን አምጣ!" አለ ታላቁ።

"ለሕግ ሰጥቻለሁ፣ ወንድሜ።"

"ትዋሻለህ! ይኸው ከነካሜራው ልትሸጠው ይዘኸው ወጥተሃል!"

ሽመሉን ሲያነሳ አየሁት። ሰውየው ፊታቸውን ለመከለል ክንዳቸውን አነሱ። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ወደቁ። ከወደቁም በኋላ ጀርባቸውን፣ ትከሻቸውን እየደጋገመ መታቸው። ታናሹ ወደ እኔ መጣ። ያኔ ያደረግሁትን እስካሁን አልረሳውም፦ በሰውየው ላይ መደፋት ሲገባኝ በካሜራው ላይ ተደፋሁ። ታናሹ ጎኔን በጫማው እየረገጠ እጄን ፈልቅቆ ነጠቀኝ። የካሴቱን ማስገቢያ ከፈተው። ባዶ ነው። በንዴት ካሜራውን ከድንጋይ ጋር አጋጨው።

ተራ አስከባሪዎች እየጮሁ ደረሱና ተረባርበው ሁለቱንም ያዟቸው። የሰውየው አፍ በደም ተሞልቶ ነበር። በጋሪ ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እኔ መተንፈስ እያቃተኝ ስብርባሪውን በነጠላው ለቅሜ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።

አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ብዙ ታግሎበት ካሜራው ነፍስ ዘራ። ምስሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ቀርቷል እንጂ ይቀርጻል። ተማሪዎቹ እልል አሉ። ከየት እንዴት እንደመጣ ግን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዚያ አንዲት ተማሪ፣ "ሰውየው መጥተው ቢያስተምሩንስ?" አለች።

መልእክት ላክሁባቸው፤ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። መጡ። ክንዳቸው ገና በፋሻ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ያችው ተማሪ እጇን አወጣች።

"ገዳዩ ሲተኩስ ለምን ካሜራውን ጥለው አልሸሹም?"

"ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ልጄ። እጄ ደርቆ ነው።"

ልጆቹ ካሜራውን ከብበው ሲንጫጩ ወደ ሰውየው ጠጋ አልኩ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን እርስዎን ትቼ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አይቻለሁ" አሉ።

በደኅናው እጃቸው ከኪሳቸው ንጹሕ ጨርቅ አወጡና የካሜራው መስተዋት ሳይጫር እንዴት እንደሚወለወል ልጆቹን ማሳየት ጀመሩ።