አፏ ውስጥ የቀረችው ፒን

የባሌ እህት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሰፈሩ ግን «ሬዲዮ» ይላታል። ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ማን ታጨ፣ ማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ እሷ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ማወቅ ዘበት ነበር። ማበጠሪያዋና ምላሷ እኩል ይሮጣሉ፤ እንዲያውም ምላሷ ትንሽ ይቀድማል።

አንድ እሑድ ሰባኪው ስለ ምላስ ሲያስተምሩ፣ «ይቺስ ለጎረቤቴ ናት» ብላ ዞር ስትል፣ ጎረቤቷም፣ ከጎረቤቷ ወዲያ ያለችውም፣ እኔም ጭምር እሷን እያየናት ነበር። እዚያው ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ተንበርክካ፣ «ጌታ ሆይ፣ እጄን ባርከህልኛል፤ አፌን ደግሞ ያዝልኝ» ብላ ለመነች። ከዚያ ወዲህ ወሬ ምላሷን ሲበላት የፀጉር ፒን በከንፈሯ ትነክስ ጀመር። ፀጉር ሠሪ ፒን ብትነክስ ማን ይጠረጥራል? ቀኑ ሲከብድ አምስት ስድስት ትነክሳለች፤ ያኔ መልሷ «እም» ብቻ ነው።

እሷ ዝም ስትል ገበያውም አብሮ ዝም አለ። ከመንገዱ ማዶ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ባለቤቷን «ባለመስታወቷ» እንላታለን። ለምለም ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ በሩ ላይ ስትቆም ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም። የእኛን ቤት ደግሞ «ሙዚየም» ትለዋለች አሉ። ደንበኞች አንድ በአንድ ተሻገሩ። የሬዲዮ ካስክ፣ ያ እንደ ባልዲ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ፣ አቧራ ለበሰ። እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን መዝጋቷ ነው ብለን ሠጋን።

አንድ ከሰዓት ባለመስታወቷ በሻርፕ ተጠቅልላ በጓሮ በር ገባች። ሻርፑን ስታወርደው ያ ለምለም ፀጉር የለም። ታማ ከተነሣች ወዲህ እፍኝ እፍኝ እየረገፈ፣ ራሷ እዚህም እዚያም ተመልጧል። ዊግ ገዝታለች፤ ሠራተኞቿ ፊት ልታስተካክለው ግን አልቻለችም።

«ሰው ካወቀ አለቀልኝ» አለች። «አንቺ ብትስቂብኝ ግን አልፈርድብሽም፤ የሥራዬን ነው።»

ሬዲዮ ፒን ፈልጋ ነከሰች። የሴትየዋን ራስ በቀስታ አጠበች፣ ዊጉን በልኳ አጠበበች፣ ስፌቱን ደበቀች፣ በዚያው በጓሮ በር ሸኘቻት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያን ሳምንት ሁለቱም አንድ ቤት ተገናኙ። ሬዲዮ በወሬ አበጠች ማለት ይቻላል። ሻይ ስታፈላ «ጌታ ሆይ»፣ ፎጣ ስታሰጣ «ጌታ ሆይ»። ምን ነካሽ ብላት፣ ጸልዪልኝ፣ ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ አለችኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ የዳኛው ባለቤት መጡ። ደንበኞች ወደ ማዶ ሲሻገሩ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው የሄዱበት ደግሞ ሰፈሩ ይከተላል። ሠርግ ስላለባቸው ፀጉራቸውን ወደ ላይ እንድታስይዝላቸው ፈለጉ። ገና ሳይደላደሉ ስለ ማዶዋ ጀመሩ። ዊግ ነው እየተባለ ነው፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ ንገሪኝና ሁላችንም እንመለስልሽ አሏት።

አንዲት ቃል። ቤቱ በዚያች ቃል ይድናል።

ሬዲዮ አፏን በፒን ሞላች። ችግሩ፣ ፒን የሚነከሰው ኋላ ሊሰካ ነው። አንዱን በሰካች ቁጥር አፏ እየቀለለ መጥቶ አንዲት ብቻ ቀረች። እሷም ከተሰካች ሥራው ያልቃል፣ አፏም ነፃ ይወጣል። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሰካችውን ሁሉ ነቅላ እንደገና ጀመረች! እኔ እንደ ልማዴ ላግዛት መጥቼ ጥግ ላይ ፎጣ እያጠፍኩ አብዳለች አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሠርጉ እኮ ዛሬ ነው» አሉ ሴትየዋ።

እንደገና አንዲት ፒን ብቻ ስትቀራት ሬዲዮ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ በፒኗ ዙሪያ ተንቀሳቀሰ። ጸሎቷን ስትጨርስ ፒኗን አወጣችና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ከቀለሙ ሥር የወጣውን ሽበት በተጠቀለለው ፀጉር ሸፍኜልዎታለሁ። ነገ ስለ እርስዎ ራስ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ምን ልበለው?»

እትዬ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩዋት።

«በይ ፒንሽን ንከሺ» አሉ በመጨረሻ። መጀመሪያ የሳቁትም እሳቸው ናቸው።

ገበያው በአንድ ጀምበር አልተመለሰም። እትዬ ግን ተመለሱ፤ ከእሳቸው ኋላም አናታቸው ላይ የሚደበቅ ነገር ያላቸው ሴቶች መጡ። ለካስ ብዙ ናቸው! ካስኩ አቧራውን አራገፈ። እትዬ ዛሬ ሽበታቸውን ገልጠው ይሄዳሉ፤ በጆሯቸው የተባለውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለመስታወቷም ፀጉሯ በቅሎላት፣ ሬዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያለፈውን አንድ ሳታስቀር አጫወተችኝ፤ ጻፊው ያለችኝም ራሷ ናት።

ሬዲዮን ግን እንዴት ቻልሽው ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ብሆንማ ገና ስትወጣ ነግሬሽ ነበር» አለች። «የለመንኩት ያዘልኝ እንጂ።»

ሌላ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ከሣጥኑ አንዲት ፒን አንሥታ ለእኔ አቀበለችኝ።