የሲባጎው ቋጠሮ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር የእናቴን የፈትል መዘውር ማስተካከል ነበር። ለልጃችን ጋቢ የሚሆን ፈትል ጀምሬ ነበርና፣ መዘውሩን ከፈትሉ ማጠንጠኛ ጋር የሚያገናኘውን ሲባጎ የሚያጠብቀው መጠምዘዣ ቢሰበርብኝ፣ እሱ ሲባጎውን ስቦ በቋጠሮ አሰረልኝ።

«ይበቃዋል ወይስ ልጨምርበት?» አለኝ።

«ለማግ ነው፤ ጠበቅ ይበል።»

መዘውሩን በጣቱ ሲያዞረው፣ ንብ ሲተም እንደሚሰማው ያለው የልጅነቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

እናቴ መዘውሩን ያመጣችው ደብረ ማርቆስ የእጅ ሥራ ሠልጥና ወደ መንደራችን ሮብ ገበያ ስትመለስ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በእንዝርት ይፈትል ስለነበር፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በበሩ ብቅ ብለው «አንቺ፣ ጋሪ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ሲሏት፣ «እርስዎን ገበያ ላደርስበት ነዋ!» ትላቸው ነበር።

መስከረም ጠብቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ሲባጎውን አጥብቃ ወፍራሙንና ለስላሳውን ማግ ትፈትል ነበር፤ ሲባጎው ሲጠብቅ ፈትሉ ብዙ ሳይከር ቶሎ ይጠቀለላልና። ክረምት ሲገባ ግን እርጥበቱ ሲባጎውን ስለሚያሳጥረው፣ አላልታ፣ ቀጭኑን ድር እጇ ላይ እያቆየች ታከርረው ነበር። ልኩን የምታውቀው ጆሮዋን ወደ መዘውሩ አዘንብላ፣ ድምፁን ሰምታ ነበር፤ አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም።

አንድ ክረምት፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ ቶሎ ጨርሼ ላስደንቃት ብዬ ሲባጎውን አጠበቅሁት። ድሩ ወዲያው ተጠቀለለ፤ ሸማኔው ሲወጥረው ግን እየተበጣጠሰ አስቸገረው። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብጥስጣሹን መዳፌ ላይ አስቀምጣ «ችኮላሽን ነው የፈተልሽው» አለችኝ። «ባለፈው የበቃው ዛሬ ይበዛል። መዘውሩ ፈትሉን ከእጅሽ ሲነጥቅሽ ሲባጎውን አላዪው።»

ባለቤቴ በግንቦት አረፈ። ማጉ አልቆ የጋቢው ድር ቀርቶ ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ ሲባጎው ሲወጠር፣ አመልማሎው ከእጄ እየተነጠቀ ቢበጠስም፣ እሱ ያሰረውን ቋጠሮ መንካት አልቻልኩም። መዘውሩን ሸፍኜ አስቀመጥኩት።

እናቴ በየክረምቱ፣ ከሰው ጋር እየተጫወተች፣ ሳታየው እንኳ ታላላው ነበር። እኔ አንዷን ቋጠሮ ለመፍታት ወር ፈጀብኝ። ትናንት ጠዋት በመርፌ ጫፍ ፈታሁት፤ አላላ አድርጌ መልሼ አሰርኩት።

አሁን ድር እየፈተልኩ ነው።